ሶኬቱ ወዲያ፣ ቴፑ ወዲህ፤ መብራት በምን ላድርስለት?

የጀሞዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሙዚቃ ዕቃና ስለ መብራት የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

አባቴ ሲያርፍ የሙዚቃ ዕቃው ለእኔ ደረሰኝ። አንድ የድሮ የጃፓን አምፕሊፋየር፣ አንድ የሸክላ ማጫወቻና ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ናቸው። ሸክላዎቹ አብዛኞቹ በእኛ አቆጣጠር የስድሳዎቹ ናቸው። የሸክላ አሳታሚው የአምሃ ሪከርድስ ምልክት ያለባቸው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትናንሾቹ ባለ 45ቶችም አሉበት። ስልክ ላይ ስሰማቸው የኖርኩትን ዘፈን በዚህ ስሰማው ሌላ ነገር ሆነብኝ። ብቻ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ በዕጣ የደረሰን የራሳችን ነው። ሳሎኑ ያለው ሁለት ሶኬት ብቻ ሲሆን ሁለቱም ቴሌቪዥኑ ያለበት ግድግዳ ላይ ናቸው። ያ ግድግዳ ደግሞ ከጎረቤታችን መኝታ ቤት ጋር ይዋሰናል። ጎረቤታችን ትልቅ እናት ናቸው፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ባለፈው ቡና ላይ ግን «ልጄ፣ ያ ከበሮው እኮ ትራሴ ድረስ ይመጣል» አሉኝ። አፈርኩ።

ስለዚህ ዕቃውን በሙሉ ወደ ማዶኛው ግድግዳ ላዞረው አሰብኩ። እዚያ ግን ሶኬት የሚባል ነገር የለም። በቀጥታ ሲታይ ስድስት ሜትር አይሞላም። ግድግዳ ግድግዳውን ተይዞ፣ የመግቢያውን በር ዞሮ ሲለካ ግን 12 ሜትር ይመጣል።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል። አንድ የመብራት ሠራተኛ መጥቶ አየና «ከመብራቱ ማብሪያ ላይ ጠልፈን ወደ ታች እናወርደዋለን፤ ቀላል ሥራ ነው» አለኝ። ወንድሜ «ባትሪና ኢንቨርተር ግዢ፣ መብራት ሲሄድም ትሰሚያለሽ» ይላል። ባለቤቴ ረጅም ማራዘሚያ ገዝተን ምንጣፉ ስር እናሳልፈው ባይ ነው። እሱ ግድግዳ ሲቆፈር ማየት አይፈልግም፤ ቀለሙን ያስቀባነው በቅርቡ ነው። «ገመዱ ከረዘመ ድምፁ ይደክማል» ያሉኝም አሉ። ዳዴ የምትል ልጅ እንዳለችንም አስቡልኝ። የቱን ልያዝ?

ቶሚ_ሰሚት፦

እህት፣ አታካብጂው። እኛ ቤት ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር ቀጥለን ነው የምንጠቀመው። ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩ፣ ዋይፋዩ፣ ቴፑ፣ ሲያሻን ካውያውም እዚያው ላይ ነው። ስንት ዓመት ሆነው፤ ምንም አልሆነም።

ጋሽ ትራንስፎርመር፦

ቶሚ፣ ወንድሜ፣ «ምንም አልሆነም» የሚለው ቃል የሚያገለግለው እስኪሆን ድረስ ነው። ካውያውን ዛሬውኑ ከዚያ ላይ አንሳው። ስለ ቀሪው በኋላ እናወራለን።

ልጄ የጀሞዋ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ አምፕሊፋየር ስጠግን ነው የሸበትኩት። ሱቄ የሚመጣው ዕቃ ብዙው የሚሞተው ብዙ ስለተዘፈነበት አይደለም፤ በሚደርሰው መብራት ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ታገሺኝ።

ከሁሉ በፊት አምፕሊፋየሩን አዙሪና ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ስንት ቮልት ይላል? ስንት ዋት ይላል? የእኛ መብራት 220 ነውና፣ እዚያ ላይ 120 ብቻ ከተጻፈ ስለ ሶኬት ማውራታችንን እናቆምና ሌላ ወሬ እንጀምራለን።

ቀጥሎ «ገመዱ ከረዘመ ድምፁ ይደክማል» ያሉሽን ሰዎች ልመልስልሽ። የአንቺ ዓይነት አምፕሊፋየር ጀርባው ላይ 200 ዋት ቢጻፍበት እንኳ በ220 ቮልት የሚስበው አንድ አምፔር አይሞላም። ቤት ውስጥ ወሬ እየተወራ በሚሰማ ልክ ሲጫወት ደግሞ የዚያን ሩብም ላይፈልግ ይችላል። አሁን ሒሳቡን ተመልከቺ። ባለ 1.5 (ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ) የመዳብ ሽቦ 12 ሜትር ሄዶ ሲመለስ ያለው ሬዚስታንስ፣ ማለትም መብራቱን የሚገታው ነገር፣ 0.28 ኦም ገደማ ነው። በአንድ አምፔር ቢባዛ ከ0.3 ቮልት በታች ይጠፋል። ከ220 ላይ 0.3 ቮልት! መብራቱ ራሱ ማታ ምድጃው ሁሉ ሲለኮስ ከዚያ ስንት እጥፍ እንደሚወርድ መለኪያ ካለሽ ሶኬት ላይ ሰክተሽ እዪው። ጆሮ የሚሰማው ነገር አይደለም። ርቀቱን ከጭንቅላትሽ አውጪው።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ማራዘሚያው ለቴፕ ተብሎ ይገዛል። ከዚያ አንድ ቀን እንግዳ ይመጣል፣ ሶኬት ይጠፋል፣ የውኃ ማፍያው እዚያው ላይ ይሰካል። ማፍያው 2,000 ዋት ከሆነ 9 አምፔር ይስባል። ገመዱ ከነዚያ ቀጫጭኖቹ፣ ከባለ 0.75ቶቹ አንዱ ከሆነ 12 ሜትሩ ላይ ከ40 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። ገመዱ ተዘርግቶ አየር ካገኘ ሙቀቱ ይበተናል። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ወይም ምንጣፍ ከተደፋበት ግን መውጫ የለውም፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። እንጀራ ምጣድማ ከ3,000 ዋት በላይ ነው፤ እሱን አታንሺብኝ። ደግሞ ገበያ ላይ «1.5» ተብሎ የተጻፈበት፣ ሲላጥ ግን ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ገመድ ሞልቷል። እኔ ሳልልጥ አልገዛም። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ስለዚህ የባለቤትሽ ሐሳብ ግማሹ ልክ ነው። ማራዘሚያው ራሱ ኃጢአት የለበትም። ምንጣፍ ስር መግባቱ ነው ችግሩ። እግር ይረግጠዋል፣ የሶፋ እግር ይጫነዋል፣ ሽፋኑ ሲቀደድ ማንም አያየውም። ዳዴ የምትል ልጅ ባለችበት ቤት ደግሞ አይታሰብም።

የመብራት ሠራተኛው ግን አስቆጥቶኛል። ማብሪያና ማጥፊያው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፌዙ፣ ማለትም መብራት የሚያመጣው ሽቦ፣ እና ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ነው። ኒውትራሉ፣ መብራቱ የሚመለስበት ሽቦ፣ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ሄዷል፤ ማብሪያው ጋ አይወርድም። ታዲያ ሶኬቱን በምን ሊያሠራው ነው? ወይ ከላይ አዲስ ሽቦ ይስባል፤ ያኔ «ቀላል ሥራ» የሚባል ነገር የለም። ወይ ደግሞ አንዳንድ ደፋሮች እንደሚያደርጉት የመሬቱን ሽቦ እንደ ኒውትራል ይጠቀማል። ይህን የሚያደርግ ሰው ከመጣ ሻይ አጠጥተሽ ሸኚው። የመሬት ሽቦ መብራት እንዲመላለስበት አልተሠራም። ያ ሽቦ አንድ ቦታ ከተበጠሰ የፍሪጁም የልብስ ማጠቢያውም ብረት ፌዝ ይይዛል።

ሌላ መንገድ ልንገርሽ። መብራቱን ወደ ዕቃው ከመውሰድ ድምፁን ወደ ግድግዳው መውሰድ ይቻላል። አምፕሊፋየሩና ሸክላ ማጫወቻው ሶኬቱ ጋ ይቅሩ፤ ስፒከሮቹ ብቻ ይሻገሩ። እነዚህ ስፒከሮች መብራት አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ሁለት ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ጀርባቸው ላይ 8 ኦም ከተባለ ባለ 1.5 ሽቦ 12 ሜትር ይወስዳቸዋል። 4 ኦም ከሆኑ 2.5 አድርጊው። የሚጠፋው ድምፅ ለጆሮ አይታወቅም። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መሆኑን ብቻ ተጠንቀቂ። በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገላበጠ ሁለቱ አንዱ ሲገፋ አንዱ እየሳበ ባሱን ያጠፉታል። ጎረቤትሽ ደስ ይላቸው ይሆናል፤ አንቺ ግን አይልሽም።

የዚህ መንገድ ክፋቱ ሸክላ ለመገልበጥ ሳሎኑን አቋርጠሽ መመላለስሽ ነው። ባለ 45 ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ ሶኬት የሌለው ግድግዳ ከጀርባው ምን አለ? ደረጃ ነው? ሌላ ጎረቤት ነው? ወይስ የራስሽ ክፍል?

የጀሞዋ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደዚህ ተብራርቶልኝ አያውቅም።

ጀርባው ላይ «220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 180 ዋት» ይላል። ከጎኑ አንዱ ካሬ በሌላው ውስጥ የተሳለበት ምልክት አለ። ስፒናው ባለ ሁለት ጥፍር ነው።

ከግድግዳው ጀርባ ያለው የእኛው መኝታ ቤት ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ ሶኬት አለ፤ ግን የአልጋው ራስጌ ሸፍኖታል። የስልክ ቻርጀር ነው የምንሰካበት። ለምን ጠየቁኝ?

ተከራዩ፦

በእህታችን ጥያቄ ላይ ልደረብና፣ እንደ እኔ ተከራይ የሆነ ሰውስ ምን ያድርግ? አከራዬ «ምስማር እንኳ እንዳትመታ» ብለውኛል። ያለችኝ ትንሽ አምፕሊፋየር ናት፤ በላፕቶፕ ቻርጀር የምትሠራዋ ዓይነት። መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ላደርጋት እፈልጋለሁ፣ ሶኬቱ በክፍሉ ሌላኛው ጫፍ ነው።

ጋሽ ትራንስፎርመር፦

ተከራዩ፣ አንተ ዕድለኛ ነህ። ቻርጀሩ ራሱ ሶኬቱ ጋ ይቀመጥ። የሚረዝመው ከቻርጀሩ የሚወጣው 19 ቮልት ይሁን። ሰው የማይገድል ቮልት ነው፤ በግድግዳው እግር በኩል በዞኮሎው ላይ በማጣበቂያ እየያዝክ ታሳልፈዋለህ። ምስማር አያስፈልገውም።

ግን እዚህ ላይ የሽቦ ውፍረት ነገር ይመጣል። ለእህትህ «ርቀቱን እርሺው» ያልኩት በ220 ቮልት ስለሆነ ነው። ቮልቱ ሲያንስ አምፔሩ ይበዛል። ባለ 65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀር እስከ 3.4 አምፔር ገደማ ይሰጣል። በባለ 1.5 ሽቦ 12 ሜትር ብትወስደው አንድ ቮልት ይጠፋል፤ 18 ደረሰህ ማለት ነው፣ ይበቃሃል። በቀጭን፣ በባለ 0.5 ሽቦ ብትወስደው ግን ወደ 3 ቮልት ታጣለህ። ባሱ በመታ ቁጥር አምፕሊፋየሯ ትንገዳገዳለች። እና ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በመለኪያ ሳታረጋግጥ እንዳትሰካ። እነዚህ ትናንሽ ቦርዶች አንዴ ከተገለበጠባቸው ሁለተኛ ዕድል አይሰጡም።

ሐይቅ ዳር፦

ከሐዋሳ ነኝ። የባትሪውን ነገር ሁሉም ዘለለው፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ስለሆነ ልናገር።

12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚባለው የእርሳስ ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ነው። ግን እስከ ታች ካሟጠጥከው ቶሎ ይሞታል፤ ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀመው። ኢንቨርተሩም የራሱን ድርሻ ይበላል። አማካይ 50 ዋት ለሚስብ ዕቃ አሥር ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ሊቲየም ከሆነ የበለጠ ይሰጣል፣ ዋጋውም የበለጠ ነው።

እህቴ፣ የአንቺ አምፕሊፋየር ውስጡ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለበት የድሮ ዕቃ ነው። ርካሹን ኢንቨርተር፣ ሞገዱ እንደ ደረጃ የሚዘለውን ዓይነት ከገዛሽለት ትራንስፎርመሩ ይጮኻል፤ ጩኸቱ በስፒከሩም ይሰማል። ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጠውን መግዛት ግድ ነው። እሱ ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ሶኬት ለማስቀጠል ብለሽ ከሆነ አያዋጣሽም። መብራት ሲሄድ ለመስማት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

እኔ ኢንቨርተሩን ጭራሽ ተውኩት። ቲፒኤ 3116 የሚባለውን የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ የያዘች ትንሽ አምፕሊፋየር ገዛሁ። ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ድረስ ትቀበላለች፤ በቀጥታ ከባትሪው ላይ ነው የምትሠራው። በ12 ቮልት፣ 8 ኦም ስፒከር ላይ ከ10 ዋት ብዙም አታወጣም። ለበረንዳ ይበቃል። ባትሪው አፍ ላይ ፊውዝ አድርጉ፤ ይህን አትዝለሉት። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ ደግሞ መኝታ ቤት አታስገቡት፤ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል።

ማሚ ከቨርጂኒያ፦

ጋሽ ትራንስፎርመር፣ ስለ 120ው ያነሡት እኔን ነካኝ። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። ባለቤቴ የተወልኝን ስቴሪዮና ሸክላ ማጫወቻ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ልልክላት በካርቶን አሽጌ ጨርሻለሁ። ይሠራል?

ጋሽ ትራንስፎርመር፦

እመቤቴ፣ ካርቶኑን መልሰው ይክፈቱት።

አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ 120 እና 220 የሚመረጥበት ማዞሪያ ካለ ደስ ይበለን፤ ከመሰካቱ በፊት ወደ 220 ይዞራል። ከሌለ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ዋቱ አምፕሊፋየሩ ላይ ከተጻፈው እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ትራንስፎርመሩ ራሱ ስለሚነዝር ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ አይቀመጥ።

ትራንስፎርመሩ የማያድነው አንድ ነገር አለ። አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው፤ እዚህ 50 ነው። አንዳንድ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ሞተሩ ፍጥነቱን የሚቆጥረው ከመብራቱ ኸርዝ ነው። እንዲህ ያለው እዚህ ሲመጣ 33ቱ ወደ 28 ገደማ፣ 45ቱ ወደ 37.5 ይወርዳል። ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ የያዘው ይመስላል። ጀርባው ላይ «60 ኸርዝ» ብቻ ከተጻፈ ይጠርጥሩት። በዲሲ ሞተር፣ ማለትም እንደ ባትሪ በማይመላለስ መብራት በሚዞር ሞተር፣ የሚሠራ ከሆነ ግን ፍጥነቱን ራሱ ይጠብቃል፤ የሚቀረው የቮልቱ ጉዳይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጀሞዋ ልመለስ። ልጄ፣ ሥራሽ አልቋል ማለት ይቻላል! 12 ሜትር የምትይው ርቀት የግድግዳው ውፍረት ብቻ ነው። ከመኝታ ቤትሽ ሶኬት ወደ ሳሎኑ ትሻገሪያለሽ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብሬከሩ ይጠፋል። ከዚያ በቴስተር ይረጋገጣል፤ በዓይንና በእምነት አይደለም። የሽቦው ቀለምም አያታልልሽ፤ የሠራው ሰው ያገኘውን ቀለም ሊጠቀም ይችላል። የመኝታ ቤቱ ሶኬት ተፈትቶ ሽቦው ይታያል። 2.5 ከሆነና ብሬከሩ 16 አምፔር ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ከሶኬቱ ጎን ለጎን፣ ራስጌው በሚሸፍነው በኩል፣ 30 ሴንቲ ያህል በፕላስቲክ ካናል ሦስት ሽቦ ይወሰዳል፦ ፌዝ፣ ኒውትራል፣ መሬት። እዚያ ላይ ግድግዳው ይበሳል። በጎን የምልሽ በምክንያት ነው። የቆየው ሽቦ ወደ ሶኬቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወይም ከታች ቀጥ ብሎ ነው። በዚያ መስመር ላይ ድሪል የገባ እንደሆነ የሚሆነውን አትጠይቂኝ።

ቀዳዳው ውስጥ ሽቦው እርቃኑን አይለፍ፤ ቁራጭ ኮንዲዩት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ይግባበት። ማገናኛው ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ፣ በሞርሴቶ (ሽቦን በቡሎን አጥብቆ በሚይዝ ማገናኛ) ይሁን። ተጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ካየሽ ሥራው አላለቀም በይ። ሳሎን በኩል ከግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ሶኬት ብታስደርጊ ቀለሙ አይነካም፤ ሶኬቱ ቀዳዳውን ራሱ ይሸፍነዋል። ባለቤትሽም ይታረቃል። ልጅቷ ስላለች መከለያ ያለውን ዓይነት ምረጪ፤ ጣትም ሹካም የማያስገባውን።

ያ ካሬ በካሬ ውስጥ የሆነው ምልክት አምፕሊፋየሩ ድርብ ሽፋን አለው፣ የመሬት ሽቦ አያስፈልገውም ማለት ነው። ቢሆንም መሬቱን አሳልፊ። ነገ ሌላ ዕቃ ይሰካበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሄዶ ሲመለስ አመጣጡ ኃይለኛ ነው። ለፍሪጅ የሚገዛውን መከላከያ፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቀውን፣ ለአምፕሊፋየሩም አድርጊለት። ሱቄ ከሚመጡት ስንቱን ባተረፈልኝ! ያኔ ግን እኔ ምን እበላ ነበር?

ብሎኬት፦

ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። ጋሼ ባሉት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

ከመብሳታችሁ በፊት ግድግዳውን አንኳኩት። ብሎኬት ከሆነ ባዶ ባዶ ይላል። ደፍኖ የሚመልስ ከሆነ ኮለን ወይም ቢም፣ ማለትም ሕንፃውን የተሸከመ ኮንክሪት ነው፤ እሱን አትንኩት፣ ትንሽ ወደ ጎን ሂዱ። የምትበሱት ደግሞ ከሁለቱም በኩል ይሁን። ከአንድ በኩል ብቻ ተገፍቶ የወጣ ድሪል በዚያኛው በኩል ልስኑን ሰሃን የሚያህል ይዞ ይወርዳል። አዲስ ቀለም ባለበት በኩል በቀጭን ድሪል ጀምሩ።

ሌላው፣ ቀዳዳው ድምፅ ያሳልፋል። ሽቦው ካለፈ በኋላ ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኑት። ሁለቱ ሶኬቶች ጀርባ ለጀርባ አለመሆናቸውም ለዚህ ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ ሳሎን ውስጥ የሚወራው መኝታ ቤት ጥርት ብሎ ይሰማል። ስፒከሮቹ እግር ሥር ወፍራም ላስቲክ አድርጉ፤ ባስ ብዙውን ጊዜ የሚሻገረው በወለሉ ነው። ታች ያለው ጎረቤትም ሰው ነው።

የጀሞዋ፦

ሰላም፣ ተመለስኩ። ሥራው ተሠራ። ሌላ የመብራት ሠራተኛ ነው ያመጣሁት። የጋሼን ጽሑፍ አነበብኩለትና «እኚህ ሰውዬ ያውቃሉ» ብሎ እንዳሉት አደረገ። ግድግዳውን ስናንኳኳ አንዱ ጥግ ደፍኖ መለሰ፤ ወደ ጎን ሄድን። ቀለሙ አልተነካም። ባለቤቴ ቀዳዳውን ለማየት ራስጌውን ሁለቴ አንሥቶ አየ።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። ሬዲዮና ስልክ ስሰማ ጸጥ ያለ ነው። ሸክላ ስከፍት ብቻ «ምምም» የሚል ድምፅ አለ፤ ድምፅ ስጨምር ይጨምራል። ከማዞራችን በፊት አልነበረም። አዲሱ ሶኬት ይሆን?

ጋሽ ትራንስፎርመር፦

ሶኬቱ ቢሆን ኖሮ በሬዲዮውም ይሰማ ነበር። ሸክላ ላይ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው።

ከሸክላ ማጫወቻው ቀይና ነጭ ገመድ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ቀጭን ሽቦ አለ። ጫፉ ላይ እንደ ሹካ የተከፈለ ብረት አለበት። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ፣ ሸክላው የሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ፣ የምትጠብቅ ቡሎን አለች። ሽቦው እሷ ሥር ይታሰራል። ዕቃ ሲዛወር ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው። መርፌው የሚያወጣው ድምፅ በጣም ትንሽ ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ብዙ እጥፍ ያጎላዋል፤ ያ ሽቦ ካልታሰረ የመብራቱን 50 ኸርዝም አብሮ ያጎላልሻል። አምፕሊፋየሩን አጥፊና እሰሪው። ከዚያም ትንሽ ከቀረ የሸክላውን ገመድ ከመብራቱ ገመድ አርቂው። መገናኘት ካለባቸው ይቆራረጡ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ።

የጀሞዋ፦

ጋሼ፣ ሽቦው ከመደርደሪያው ጀርባ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። አሰርኩት፤ ጸጥ አለ። ዕድሜ ይስጥልኝ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ቴሌቪዥኑ በቀድሞ ግድግዳው ቀርቷል። የእሱን ድምፅ በእነዚህ ስፒከሮች ለመስማት 12 ሜትር የድምፅ ገመድ ልዘርጋ ወይስ ብሉቱዝ ይበቃል? ቴሌቪዥኑ ብሉቱዝ አለው፤ አምፕሊፋየሩ የለውም።

ጋሽ ትራንስፎርመር፦

አሥር ሜትር አካባቢ፣ መሐል ላይ ግድግዳ ሳይኖር፣ ብሉቱዝ ይደርሳል። ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ገዝተሽ አምፕሊፋየሩ ጀርባ «ኦክስ» ከሚለው ላይ ሰኪያት። የሸክላው ላይ እንዳትሰኪያት፤ ድምፁን ታበላሸዋለች። ለዜና ጥሩ ነው። ድራማ ላይ ግን ድምፁ ከከንፈር ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ማስተካከያ ካለ ሞክሪው። ካልተስተካከለልሽ በዞኮሎው በኩል ገመድ ዘርጊ፤ ያኔ ጥሩ ሽፋን ያለውን ገመድ ግዢ፣ ከዲሹ ገመድም አርቂው።